ከሰዓት ዝግ ነው

አባቴ አንማው፣ የግብርናው ሰው፣
ቡሬን በሞተር ሳይክል ሃያ ዓመት ያመሰው፣
በደረት ኪሱ ውስጥ እርሳስና ደብተር፣
ከዋርካው ጥላ ሥር ገበሬ ሲቆጥር፣
«ዐሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣
እንዲህ ተውሎ ተውሎ ጎተራ አይሞላም!»
እያለ ሲሰብክ፣ ከኋላ ረድፍ ሆኖ
ሽታሁን የሚሉት፣ በጋቢው ተከድኖ፣
«መሬቱስ አይደክመው? ይረፍ እንጂ እሱም!»
ብሎ አሳቀበት። ያ ሳቅ እስከ ዛሬም
ከአባቴ አልወጣም።
«ሰነፍ» ብሎ ጻፈው። በዚያ ዓመት ክረምት
ማዳበሪያ ሲታደል ስሙን ዘለሉት።

የእሱ ልጅ ነኝ እኔ። ይታይሽ ነው ስሜ።
ምን እንደሚታየኝ ሳልጠይቅ ከርሜ፣
በልውውጥ ተማሪ፣ ለስድስት ወር ብቻ፣
ቫሌንሲያ ደረስኩ፣ ከባሕሩ ዳርቻ።

መንገዱ ዳር ሁሉ ብርቱካን ሞልቶበት
እግረኛው ያልፈዋል፣ አንድም ሳይቀጥፍበት።
«ምን ዓይነት ጥጋብ ነው!» ብዬ አንዱን ብገምጥ
እንቧይ ነው፣ ወገኔ! እንቧይ በወርቅ ጌጥ።

በማግሥቱ ደግሞ፣ ማኅተም ፍለጋ፣
ስምንት ሰዓት ላይ ሄድኩ፤ ፀሐዩ አለንጋ።
ቢሮው ዝግ። ባንኩ ዝግ። የመድኃኒት ቤቱ
ቆርቆሮ ወርዶበት ተጋርዷል መስኮቱ።
ድመት ብቻ ቀርታ፣ ከመኪናው ጥላ።
ቀብር ሳይሆን አይቀርም፣ አልኩኝ፤ ከዚያ በኋላ
አንገቴን ደፍቼ፣ ነጠላዬን ገልብጬ፣
ደረጃው ላይ ቆየሁ፣ ለማላውቀው ሟች ተቀምጬ።

ዶኛ አምፓሮ መጣች፣ ያከራየችኝ ሴት።
«ኢታ!» ትለኛለች፤ ይታይሽ ከበዳት።
«ምን ሆነሽ ነው?» አለች። «ማን ሞቶ ነው?» አልኩኝ።
ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ፤ ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ።
«ማንም አልሞተም፤ ሰው እየተኛ ነው።
ጠረጴዛ እያለ የሚሮጥ ማነው?»

ከምሳ ተነሣን፣ ዐሥር ሰዓት አልፎ።
መስኮቱ ተጋርዶ፣ ወንበር ተደግፎ፣
ስለ ሟች ባሏ ጥርስ፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ
ስታወጋኝ ዋለች፣ እኔም ሳላዛጋ፤
ብቻ ሰዓቴን ግን፣ ከጠረጴዛው ሥር፣
ሰርቄ አየዋለሁ። ልማድ ነው፣ እንደ እስር።

ፕሮፌሰሩም ያው ነው። ሩብ ሰዓት ዘግይቶ
ይመጣል፣ ይቅርታ የለ፣ ጫማው አሸዋ ሞልቶ፤
ስለ መስኖ ያስተምራል፣ ስለ ጥንት ቦዮች፣
ውኃ በየተራ ስለሚያጠጡ ባላገሮች።

ወር ሲሞላኝ ተውኩት። በሁለት ወር ጊዜ
በቀን እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ያለ ምንም ትካዜ።
እራት በአራት ሰዓት፤ እናቴ በቡሬ
አንድ እንቅልፍ ስትጨርስ፣ እኔ ገና ወሬ።
ፈተናውንም አለፍኩ። ዓለምም አልፈረሰ።
ባቡሩም በሰዓቱ ሄደ፣ በሰዓቱም ደረሰ።
ለአባቴ በስልክ ላይ አልተናዘዝኩለት፤
«ሥራ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ጥድፊያ ነው» እያልኩት፣
ትራስ ላይ ሆኜ ነው።

አንድ ቀን በቀትር፣ ከጨለማው ክፍል ውስጥ፣
ሽታሁን ታየኝ፣ ከኋላ ሲቀመጥ።

በሰኔ ተመለስኩ። አባቴ ጡረታ፤
ሞተሩን ከጓሮ ዶሮ ወርሳው፣ ተኝታ።
ሁሉን አወጋሁት፣ የዚያን ከተማ ወግ፣
ስምንት ሰዓት ሲሆን ባንክ ዝግ፣ ቢሮ ዝግ።
ስለ ቀብሩ ሲሰማ ሳቀ፣ እስኪያስለው።
ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣
«እነሱን ማን ጻፈ» አለኝ፣ «ሰነፍ ብሎ?»

መልስ አልነበረኝም። ደብተሩ ቆጥ ላይ ነው።
ሽታሁን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው።
ቀብሩ የዋለ ዕለት፣ ሱቅ ሁሉ ሲዘጋ፣
አባቴ መስክ ነበር፣ ሪፖርት ፍለጋ።

ዛሬ ሃያ አንድ ነው። በሬው ቆሟል ደጅ፤
ቀንበሩ ተሰቅሏል። ያ የጠዋት ወዳጅ
ዋንዛው ሥር ተጋደመ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ።
አንድ ጎረምሳ መጣ፣ በቆሎው ተምች ገብቶ፤
«ጋሽ አንማው አሉ?» አለኝ። ጣቴን ከከንፈሬ
«ዝግ ነው» አልኩት፤ «ዐሥር ሰዓት ና፤ ካልሆነ ነገ፣ ተው ዛሬ።»
ልጁ ግራ ገባው። ቆመ ተጠራጥሮ፤
«ሰው ሞቷል እንዴ?» አለ፣ ድምፁን አሳጥሮ።

ምን ብዬ ልመልስ? ዞር ብዬ ሳየው
የባርኔጣው ክፈፍ ከፍ ብሎ፣ አባቴ ነቅቶ ነው።
አንድ እጁም፣ ምናልባት ሳያውቀው ይሆናል፣
የደረት ኪሱን፣ እርሳስ ፍለጋ፣ ይዳብሳል።